ደዋዩ ማነው? ስለሚያስቸግሩና ስለሚያስፈራሩ የስልክ ጥሪዎች

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ነጂ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ስልክ ተናገሩ» ብሎ ሲልክብን ከመካከላችን «በእንዲህ ያለ ቀን የሚነገረው ስለ ባህል፣ ስለ ልጆቻችን ቋንቋ፣ ስለ አዳራሽ መግዣ ነው እንጂ ስልክ ምን ርእስ ይሆናል?» ያለ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት «ምሥጢር ነው፣ ለማንም እንዳትናገሩ» እየተባለ ወደ ማኅበራችን ከመጣው ችግር ውስጥ ስንቱ በስልክ እንደጀመረ የኮሚቴ አባላት ያውቁታል። እኛም ነጂዎቹ እናውቀዋለን። በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ አየር ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ የአንዱ ስልክ ሲጮህ የሌሎቻችን ጆሮ ይቆማል። ፊቱ ሲለወጥ እናያለን። አንዳንዱ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ሲወጣ «ደህና ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ይላል። ደህና እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ዛሬ የምናካፍላችሁ ከዚያ ተራ ላይ የሰማነውን፣ ያየነውንና ጠይቀን የተረዳነውን ነው። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ትምህርታችንን ሳንጨርስ አገር የለቀቅን አለን፤ ጠበቃ የሆነ ግን የለም። ስለዚህ ክስ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለበት ሰው ይህን ሰምቶ ጠበቃ መጠየቁን እንዳይተው አደራ እንላለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መነሣት አለበት። በእንግሊዝኛ የሚታተሙት ምክሮች ሁሉ «የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አታንሣ» ብለው ይጀምራሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን አይመችም። ለነጂ የማያውቀው ቁጥር ደንበኛ ነው፣ እንጀራው ነው። ቤት ላሉት እናቶቻችን ደግሞ የማያውቁት ቁጥር ከአገር ቤት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ እንደ ወራቱ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ትቀድመናለች፤ እኛ ከባድ እንቅልፍ ላይ ስንሆን እዚያ ምሳ ሰዓት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን ያደግን ሰዎች ብንሆንም፣ የሌሊት ስልክ ሲጮህ ልቡ የማይመታ ማን አለ? አጭበርባሪውም አስፈራሪውም የሚገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው።

ስለ 251 ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። የአገራችን መግቢያ ቁጥር 251 ነው። እዚሁ አሜሪካ ውስጥም ሞቢል በምትባለው የአላባማ ከተማና በአካባቢዋ የሚሠራው የስልክ ክልል ቁጥር 251 ነው። ስለዚህ 251 ባያችሁ ቁጥር ከሸዋ ነው፣ ከጎጃም ነው ብላችሁ አትሩጡ። ከፊቱ የመደመር ምልክት መኖሩን ተመልከቱ፤ ከፊቱ 1 ካለ አላባማ ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይሆንም፤ ምክንያቱን በኋላ እንመለስበታለን። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ የሚዘጋው ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ሕዝቡን ያስጠነቀቀው መግቢያቸው 222 ስለሆነ፣ ማለትም ከሞሪታንያ የመጡ ስለሚመስሉ ጥሪዎች ነበር። ከአፍሪካ ስልክ የሚጠብቅ ሰው «የእኛ ሰው ሳንቲም አልቆበት ይሆናል» ብሎ መልሶ ይደውላል፤ ሂሳቡ የሚመጣው ወር ሲያልቅ ነው። ሰው ከፈለገን ደግሞ ይደውላል፤ መልእክትም ይተዋል።

ዕቃ ለመሸጥ ስለሚደውሉት ብዙ አንልም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «አትደውሉልኝ» የሚባል ብሔራዊ መዝገብ አለ። ከምታስመዘግቡት ስልክ ሆናችሁ ወደ 1-888-382-1222 ብትደውሉ ትመዘገባላችሁ፤ በነፃ ነው፣ ጊዜውም አያልፍበትም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን፣ የምርጫ ቅስቀሳንና የሕዝብ አስተያየት ጠያቂዎችን አያግድም። ሕግ የማይፈራውን ሌባም እንደማያስቆም ግልጽ ነው። በማሽን የተቀዳ ድምፅ «ላለመፈለግ 2ን ይጫኑ» ሲላችሁ ምንም አትጫኑ፤ መጫን «እዚህ ቤት ሰው አለ» ብሎ መመስከር ነው።

ዕዳ የሚሰበስቡትን በተመለከተ ግን የመኪና ዕዳ ያለብን ነጂዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ከጧቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከ8 በፊትና ከ9 በኋላ፣ እንዳይደውል ይከለክላል። «አሳስርሃለሁ» ብሎ ማስፈራራትም አይፈቀድለትም። «ከእንግዲህ እንዳትደውሉልኝ» ብሎ በደብዳቤ የጻፈን ሰው መደወል ማቆም አለባቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ይህንኑ ግዴታ በዋናው አበዳሪ ላይ ጭምር ይጥላል። ዕዳው ግን በደብዳቤ አይሠረዝም፤ የሚቆመው ጩኸቱ ነው።

ወደ ከበደው ነገር እንለፍ። የመንግሥት ባለሥልጣን ነን ብለው የሚደውሉ አሉ። «ከግብር መሥሪያ ቤት ነው»፣ «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው»፣ «ከኢሚግሬሽን ነው፣ ፋይልህ ላይ ስሕተት ተገኝቷል፣ ዛሬውኑ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል» ይላሉ። ከመጣንበት አገር የመንግሥት ስልክ ሲመጣ ብድግ ብሎ መታዘዝን የለመድን ስለሆንን ይህ እኛን ከሌላው የበለጠ ይጎዳል። ልብ በሉ፤ ከሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ከጀርባው ያለውን ቁጥር በስልክ አንብብልኝ የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዚህ አገር የለም። የግብር መሥሪያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፖስታ ደብዳቤ ነው። ዲቪ ደርሶሃል ብሎም የሚደውል የመንግሥት ሠራተኛ የለም፤ አመልካቹ ራሱ ገብቶ ነው የሚያየው።

በስልኩ መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር የፖሊስ ጣቢያው እውነተኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቁጥርን አስመስሎ ማሳየት ቀላል ነው። ይህን ለማጭበርበር የሚያደርግን ሰው የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ ከ2021 ወዲህም ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች የደዋዩን ቁጥር ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ዘዴ እንዲጠቀሙ ተገደዋል። ቢሆንም ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። መፍትሔው አጭር ነው፤ ስልኩን ዘግቶ፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ከደብዳቤ ወይም ከካርድ ላይ ፈልጎ፣ በራስ መደወል። እውነተኛ ሠራተኛ ከሆነ አይቀየምም።

በአማርኛ የሚደረግም አለ። የጓደኛችሁ ስም ባለበት ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም «በስሕተት ወደ አንተ የተላከች ቁጥር አለች፣ ንገረኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ቁጥሯን የነገረ ሰው የራሱ መስመር ይወሰድበታል፤ ከዚያ በኋላ በእሱ ስም ከአክስቱም፣ ከእቁብ ሰብሳቢውም፣ ከንስሐ አባቱም ገንዘብ ይጠየቃል። ቁጥሯን ለማንም፣ ለእናት ልጅም ቢሆን አትስጡ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ድምፅን መቅዳት ነው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስጠነቀቀው ከኢንተርኔት ላይ ከተወሰደ አጭር ቅጂ የልጃችሁን ድምፅ በኮምፒዩተር አስመስሎ «አባዬ፣ ታስሬአለሁ» ማሰኘት ይቻላል። ስለዚህ በየቤታችሁ አንድ የምሥጢር ቃል ይኑራችሁ። የልጅ ስምና የልደት ቀን አይሁን፤ ፌስቡክ ላይ ያለ ነገር ነው። የአያታችሁ ላም ስም ይሁን፣ ጎረቤት ያወጣላችሁ የልጅነት ቅጽል ስም ይሁን። ይህን ሌባ አያገኘውም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበን እንምጣ። እስካሁን ያነሣናቸው ሰዎች አያውቁንም። የሚያስፈራራው ግን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው። የተለየ ባል ነው፤ የቤት ተጋሪ የነበረ ነው፤ በገንዘብ የተጣላ ሸሪክ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በፖለቲካ የተኳረፈ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022፣ በአንድ ተራ ላይ ቡና አብረው የሚጠጡ ሰዎች ምን ዓይነት ስልክና መልእክት ይለዋወጡ እንደነበር የምናውቀው እናውቀዋለን። ዝርዝሩን ማንሣት ቁስል መቀስቀስ ስለሆነ እናልፈዋለን።

ሕጉ ምን ይላል? የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 653ኤም ሰውን ለማስጨነቅ ብሎ በስልክ ጸያፍ ቃል መናገርን፣ አካልህን እጎዳለሁ ብሎ መዛትን፣ ወይም ምንም ሳይናገሩ እንኳ ደጋግሞ እየደወሉ ማስቸገርን ወንጀል ያደርገዋል። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እሥር ሊደርስ ይችላል። በጽሑፍ መልእክት የሚደረገውም እንደዚሁ ነው። ወንጀሉ ጥሪው የተደረገበትም ሆነ የተሰማበት ቦታ እንደተፈጸመ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ ላስ ቬጋስ ሆኖ የሚደውል ሰው «እዚያ ምን ያገኙኛል» ሊል አይችልም። ከዚህ የከበደው ቁጥር 422 ነው፤ መግደልን ወይም ከባድ የአካል ጉዳትን በማያሻማ ሁኔታ ዝቶ ሰውን በእውነተኛ ፍርሃት ውስጥ የጣለ እስከ 3 ዓመት ሊታሠር ይችላል። «የምሬን አልነበረም፣ ተናድጄ ነው» ማለት ብቻውን አያድነውም። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ወይም ከውጭ አገር የተላከ ዛቻ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል። መሳደብ፣ የሌላውን ፖለቲካ መንቀፍ ግን ብቻውን ወንጀል አይደለም። ስድብን ሁሉ ለፖሊስ የሚያመጣ ሰው እውነተኛው ዛቻ በመጣ ቀን የሚሰማው ያጣል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። ዛቻ በአማርኛ ሁልጊዜ ዛቻ መስሎ አይመጣም። «እንገናኛለን» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቃል በቃል ለኦክላንድ ፖሊስ ብንተረጉምለት የጓደኛ ስንብት ይመስለዋል። «ዋጋህን ታገኛለህ» ሲባል ደግሞ የደመወዝ ጉዳይ ሊመስለው ነው። እኛ ግን በምን ድምፅ እንደተባለ፣ ማን እንዳለው፣ ከምን በኋላ እንደተባለ ስለምናውቅ ጀርባችን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስትጽፉም ስትከሱም ሁለቱንም አስቀምጡ፤ በአማርኛ የተባለውን እንዳለ፣ ቀጥሎም በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ።

መጻፍ ስንል ከእኅቶቻችን አንዲቱን እናስባለን። ስሟንም ከተማዋንም አንጠራም። ከተለያየችው ሰው በየሌሊቱ ይደወልላት ነበር። ዘመዶቿ ሁለት መኪና ሞልተው ሊሄዱበት ተነሥተው ነበር፤ አይሆንም አለች። እሷ የያዘችው አንድ የተማሪ ደብተር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የተባለው ቃል፣ አጠገቧ ማን እንደነበረ፤ ሌላ ነገር የለበትም። ምሬትም እርግማንም አልጻፈችበትም። ፍርድ ቤት የቀረበው ያ ደብተርና ስልኳ ላይ የተቀመጡት የድምፅ መልእክቶች ነበሩ፤ የእግድ ትእዛዙም ተሰጣት። ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ይለዋወጡ ነበር።

ስለዚህ የተተወ የድምፅ መልእክትን አታጥፉ፤ የዋትስአፑን ጽሑፍ ቀኑና ቁጥሩ እንዲታይ ፎቶ አንሡት። በቁጣ መልስ አትስጡ፤ «አንተም ታያለህ» ብላችሁ የጻፋችኋት አንዲት መልስ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። አንድ ጊዜ በግልጽ «ከእንግዲህ እንዳትደውልልኝ» ማለት ይበቃል። ቁጥር መለወጥ ቢያስፈልግ እንኳ አሮጌውን ወዲያው አትዝጉት፤ አዲሱን ለምታምኗቸው ስጡ፣ በአሮጌው የሚመጣው መልእክት እየተቀዳ ይቀመጥ። አሮጌው ዓይነት የቤት ስልክ ያላችሁ አባቶችና እናቶች የዛቻ ስልክ እንደተዘጋ ሌላ ጥሪ ሳይገባ *57 ብትጫኑ የደዋዩ ቁጥር በኩባንያው ዘንድ ይመዘገባል። ያስከፍላል፤ ቁጥሩንም የሚሰጠው ለእናንተ ሳይሆን ለፖሊስ ነው። በእጅ ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

ንግግር ስለ መቅዳት ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የግል የስልክ ንግግርን ያለ ሌላው ወገን ፈቃድ መቅዳት ክልክል ነው፤ ይህን ባለማወቅ ራሱ የሚከሰስ አለ። ሆኖም ሕጉ በቁጥር 633.5 አንድ በር ትቷል። ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሆነ ሰው የሚያስጨንቅ ጥሪን፣ በማስፈራራት ገንዘብ መጠየቅን ወይም በሰው አካል ላይ የሚፈጸም ከባድ ወንጀልን ለማስረዳት ብሎ ሊቀዳ ይችላል። የሌላ ሰውን ንግግር ጠልፎ መቅዳት ግን በዚህ በር አይገባም። የምትጠራጠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ፖሊስ ወይም ጠበቃ ጠይቁ።

ሬስትሬይኒንግ ኦርደር የሚባለው የእግድ ትእዛዝ የሚጠየቀው በፍርድ ቤት ቅጽ ነው። ባልና ሚስት የነበሩ፣ የልጅ እናትና አባት የሆኑ ወይም የቅርብ ቤተሰብ ከሆኑ ቅጹ ዲቪ 100 ይባላል። ይህን ስም ስንሰማ ሁላችንም ሎተሪው ትዝ ይለናል፤ የሚገናኙት በፊደል ብቻ ነው። ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለሌላ ሰው ደግሞ ሲኤች 100 ነው። የዲቪው በነፃ ነው፤ የሲኤቹም የአካል ጉዳት ዛቻ ካለበት አይከፈልበትም። ዳኛው ጊዜያዊ ትእዛዝ ቶሎ ሊሰጥ ይችላል፤ ችሎቱ ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ ውስጥ ይሆናል፤ ትእዛዙም እስከ 5 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ወረቀቱን ራሷ ከሳሽዋ ልታደርሰው አትችልም፤ 18 ዓመት የሞላው ሌላ ሰው ወይም ሸሪፍ ያደርሰዋል። የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ለሽማግሌዎቻችን ከበድ ሊል ይችላል። ሽምግልናን እናከብራለን፤ እዚህ አገር ስንቱን ትዳርና ስንቱን ሸሪክነት እንዳዳነ ምስክሮች ነን። ነገር ግን ዳኛ «አትደውልላት፣ በሌላም ሰው አትላክባት» ብሎ ካዘዘ በኋላ «ልጄ፣ ተይው፣ ወረቀቱን ቅደጂው፣ ይሉኝታ ይኑርሽ» ብሎ የሚደውል ሽማግሌ አስታራቂ አይደለም። ሰውዬው ልኮት ከሆነ ትእዛዙን ያስጣሰ መልእክተኛ ነው። የሚጎዳውም ሰውዬውን ነው። የእግድ ትእዛዝ መጣስ ወንጀል ነው፤ ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ የዛቻን ወይም የተደጋጋሚ ማስቸገርን ክልከላ መጣሱ በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ወንድማችንን የምንወድ ከሆነ «ስልኩን አስቀምጠው፣ ትእዛዙ እስኪያልቅ ስሟን አታንሣ» እንበለው። የምንሸመግልለት ነገር ካለ እሱን እንሸምግል።

ወረቀት የሌላት እኅት ፖሊስ መጥራት ትፈራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ የከተማና የካውንቲ ፖሊስ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመ ዩ ቪዛ የሚባል አለ፤ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ተከታትሎ ማስፈራራት፣ በማስገደድ ገንዘብ መጠየቅና የመሳሰሉት ወንጀሎች የተፈጸሙበትና ከፖሊስ ጋር የተባበረ ሰው ሊያመለክትበት ይችላል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ፈጥኖ የሚደርስ መፍትሔ ነው አንልም።

የመጨረሻው ጉዳያችን ተራ ላይ በሩን ዘግቶ የሚነጋገረው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ በሲና በረሃ፣ በኋላም በሊቢያ በባኒ ዋሊድና በሌሎች ቦታዎች፣ ስደተኞችን አግቶ ስልክ አስይዞ እየደበደቡ ለዘመድ ማስደወል ንግድ ሆነ። አብዛኞቹ ተጠቂዎች ኤርትራውያን ነበሩ፤ የእኛም ልጆች ብዙ ናቸው። የሚጠየቀው ገንዘብ በሲና ጊዜ በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነበር። በአገር ውስጥም ይኸው መጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በአውቶቡስ ላይ እንዳሉ በገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ታገቱ፤ ለገበሬ ወላጆቻቸው እየተደወለ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ተጠየቀባቸው። ወላጅ ደግሞ የሌለውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? አሜሪካ ላለው ዘመድ ይደውላል። ስልኩ ኦክላንድ ይጮሃል።

ክፈሉ ወይም አትክፈሉ ለማለት አንደፍርም። የወንድሙን ጩኸት በጆሮው የሰማን ሰው በአዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሊመክረው የሚችል የለም። የምንለው በዙሪያው ስላለው ነገር ነው። በመጀመሪያ እውነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከፌስቡክ ፎቶ ወስዶ «ዘመድህ በእጄ ነው» የሚል አጭበርባሪ አለና በሌላ ስልክ ሰውዬውን ራሱን፣ አብረውት ያሉትን፣ ቤተሰቡን ፈልጉ። ካልተገኘ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር አስጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይነጋገር፤ እናት በአንድ ስልክ፣ አጎት በሌላ ስልክ ከተነጋገሩ ዋጋው በመካከላቸው ይወጣል። «ስንት ወንድም አለው? ምን ይሠራሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አትስጡ። የድረሱልኝ ጥሪውን ከነገንዘቡ መጠን በቴሌግራምና በፌስቡክ ማውጣትንም አንወደውም፤ አጋቹም ያነብበዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሁሉንም ነገር መዝግቡ፤ የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ገንዘብ አስገቡ የተባለበትን ባንክና የሒሳብ ቁጥር፣ የባለ ሒሳቡን ስም። «ማን ይይዘዋል?» የሚል ይኖራል። ይያዛሉ። በሊቢያ ሰው በማገትና በማሠቃየት የታወቁ ሁለት ሰዎች፣ ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያምና ተወልደ ጎይቶም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ ተይዘው ነበር። ኪዳኔ በ2021 ከፍርድ ቤት አምልጦ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ተወልደ 18 ዓመት ተፈርዶበት በ2022 ለኔዘርላንድ ተላልፎ ተሰጠ። ኔዘርላንድ የጠየቀችው እዚያ የሚኖሩ ዘመዶች በስልክ ተገድደው ስለከፈሉ ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ክስ የሚቆመው ስልኩ የተደወለላቸው ሰዎች መናገር ሲችሉ ነው። የዛቻው ስልክ እዚህ ከደረሳችሁ ለኤፍቢአይ፣ 1-800-225-5324፣ ማመልከት ትችላላችሁ። ወዲያው ሰው ያስለቅቃሉ ብለን ተስፋ አንሰጥም፤ ፋይሉ ግን ይከፈታል።

ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ስልክ ደርሶት ለማንም ሳይናገር ከፍሎ ጨርሶ፣ ዕዳውን ለመክፈል ቀንና ሌሊት የነዳ ሰው አለ። ባለቤቱ እንኳ ያወቀችው ከወራት በኋላ ነው። ለምን እንዳልተናገረ ስንጠይቀው «ማንን ነው የማስቸግረው?» አለን። እድር የሞተብንን ይቀብራል፤ እቁብ ጊዜ ሲደርስ ገንዘብ ይሰጣል፤ የዛቻ ስልክ ለደረሰው ሰው ግን የሚሄድበት በር እስከ ዛሬ አልተሠራለትም።

ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበራችን ሦስት ሰዎች ይምረጥ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ አንዱ ከሳን ሆዜ፣ አንዱ ከኦክላንድ ይሁን። ሥራቸው ማስታረቅም ገንዘብ መሰብሰብም አይደለም። የዛቻ ስልክ የደረሰው ሰው ሲመጣ አብረውት መዝገቡን ይጽፋሉ፣ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤት ይሸኙታል፣ የሰሙትንም ለማንም አይናገሩም። ምሥጢር ያወጣ ከቦታው ይነሣ። እኛ ነጂዎቹ ከአየር ማረፊያው ተራ እየተፈራረቅን የመጓጓዣውን ነገር እንችላለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም።

እስከዚያው እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ አስገቧቸው። አደጋው በደጅ ከሆነ 911፤ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣችሁ በ991 አታምታቱት። ስልኩን ለሚያነሣው «አምሃሪክ» ብትሉ አስተርጓሚ በመስመር ላይ ያገኛሉ። ለማይጣደፍ ጉዳይ የኦክላንድ ፖሊስ 510-777-3333፣ የሳን ሆዜ 408-277-8900። የቤት ውስጥ ጥቃት ብሔራዊ መስመር 1-800-799-7233። ለማጭበርበር የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን 1-877-382-4357። ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ የአላሜዳ ካውንቲ ፋሚሊ ጀስቲስ ሴንተር አለ፤ የእግድ ትእዛዝ ለሚፈልጉ የጥቃት ሰለባዎች ይረዳል።

ከምሳ በኋላ ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ እንገኛለን። የ«አትደውሉልኝ» መዝገብ የምትፈልጉ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። ብቻችሁን ልታነጋግሩን የምትፈልጉም ካላችሁ መኪኖቻችን ውጪ ቆመዋል፤ እዚያ መቀመጥ ይቻላል።